ጥያቄ አለኝ፦ ሕንዶች በጥር ሰሊጥ የሚሰጣጡት ለምንድን ነው?

ባለፈው እትም ስለ ሌሎች አገሮች በዓላት ጠይቁን ብለን ነበር። የሕንዶቹ የመብራት በዓል ዲዋሊ ይበዛል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ደብዳቤ የመጣው በጃንዩወሪ አጋማሽ ስለሚውለው የሕንዶች በዓል ነው። ነገሩ ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት ወይም የምትሠሩት ከሕንዶች ጋር ነው፣ በዓሉም የሚውለው ከጥምቀት አምስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሆነ የኛ ሰው አገር ቤት አገር ቤት በሚለው ሰሞን ላይ ይገጥማል። በዓሉ ብዙ ስም አለው። በአብዛኛው ሕንድ ማካር ሳንክራንቲ፣ በታሚሎች ዘንድ ፖንጋል፣ በጉጃራት ኡትራያን፣ በአሳም ማግ ቢሁ ይባላል። ፑንጃቦች ደግሞ ዋዜማውን ሎህሪ ብለው ያከብሩታል። ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ውስጥ ከሕንድ ቤተሰብ ጋር ነው የምሠራው። ሰዎቹ ከማሃራሽትራ ናቸው። ባለፈው ጥር አንድ ቀን ጠዋት ማዳም ጥቁር ሳሪ ለብሳ ወጣች። ክው አልኩ፣ ሰው የሞተባት መስሎኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናት እያሰብኩ ሳለ እየሳቀች የሰሊጥ ድብልብል ነገር እጄ ላይ አስቀመጠችና የሆነ ነገር አለችኝ፣ ልጆቹም እየመጡ ያንኑ አሉኝ። ማታ ጎረቤት ሴቶች መጥተው ግንባራቸውን ቢጫና ቀይ ተቀባብተው፣ ትናንሽ ስጦታ ተቀብለው ሄዱ። ይሄ ምን በዓል ነው? ደግሞ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለጣዖት የቀረበ ነገር በልቼ እንዳይሆን ጨንቆኛል።
— እህታችሁ፣ ከሻርጃ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ በጥቁሩ ልብስ እንጀምር፣ ምክንያቱም እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር። በሂንዱዎች ዘንድ የሐዘን ልብስ በአብዛኛው ነጭ ነው። ጥቁር ደግሞ ለበዓልና ለሠርግ አይወደድም፣ ገደ ቢስ ነው ይሉታል። በማሃራሽትራ ግን ይህ ቀን ብቻ ተለይቶ ጥቁር ይለበሳል። ሰዎቹን ብትጠይቂያቸው "ብርድ ነዋ፣ ጥቁር ሙቀት ይይዛል" ነው የሚሉሽ። ጃንዩወሪ እዚያ የብርድ ወር ነው። ሻርጃ ላይ ሆኖ ምክንያቱ ብዙም ባይታይም ልማዱ አብሯቸው ተሳፍሮ መጥቷል።

ያሉሽ ነገር "ቲልጉል ግያ፣ ጎድ ጎድ ቦላ" መሆን አለበት። ይህን ሰሊጥ ውሰጂ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ተናገሪ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተቀያየመ፣ የተኳረፈ፣ በሆነ ባልሆነው የተጨቃጨቀ ሰው በዚህ ቀን ሰሊጡን ይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ከሚሠራ ሰው ጋር የተባለ ክፉ ቃል ካለም እንደዚያው። እና ማዳም ያንን እጅሽ ላይ ስታስቀምጥ ዝም ብላ ከረሜላ አልሰጠችሽም።

ለምን ሰሊጥ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእርሻ ጋር የሚገናኘው። በሕንድ ብዙ ቦታ ሰሊጥ በሰኔው ዝናብ ተዘርቶ ከዝናቡ በኋላ ይሰበሰባል። ሸንኮራ አገዳ ደግሞ የሚጨመቀው በብርዱ ወራት ነው። ጭማቂው በትልልቅ ብረት ምጣድ ተቀቅሎ ሲወፍር ቡናማ ሆኖ ይረጋል፣ ጃገሪ የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ በጃንዩወሪ አጋማሽ ገበሬው ቤት ያለው አዲስ ሰሊጥና አዲስ ጃገሪ ነው። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት መሆኑን ስትጨምሪበት ለብርድ ወር የሚሆን ጠንካራ ምግብ ወጣ ማለት ነው። ሰሊጥ ደግሞ ለሕንድ እንግዳ እህል አይደለም፣ ሰው መጀመሪያ ሰሊጥን ያላመደው በዚያ ክፍለ አህጉር ነው። በኢንደስ ሸለቆ በሐራፓ ፍርስራሽ ውስጥ ከ4000 ዓመት በላይ የሆነው የከሰለ ሰሊጥ ተገኝቷል።

የሴቶቹ ስብሰባ ሃልዲ ኩንኩ ይባላል። ቢጫው እርድ ነው፣ ቀዩ ኩንኩም የሚሉት ዱቄት። ባለትዳር ሴቶች እርስ በርስ ይጠራራሉ፣ እንግዳዋም የቤት ዕቃ ተሰጥቷት ትሄዳለች። ሳህን፣ ዕቃ መያዣ፣ ማበጠሪያ፣ እንዲህ ያለ። እውነቱን ለመናገር ሴቶች ከቤት ወጥተው የሚገናኙበት ምክንያት ብዙ ባልነበረበት ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፣ እኔ እንዲያውም ከበዓሉ ሁሉ የምወደው ይሄንን ክፍል ነው።

ወደ ጭንቀትሽ ስንመጣ፣ ሁለት ነገር ለይተሽ እይ። ከጸሎት በኋላ በአምላካቸው ፊት ቀርቦ የሚታደለው ፕራሳድ ይባላል። ከእጅ ወደ እጅ ሰው ለሰው የሚሰጠው የሰሊጥ ድብልብል ደግሞ የሰላምታ ነው። አንዳንድ ቤት ግን ሰሊጡንም አስቀድመው ለጸሎት ያቀርቡታል። ስለዚህ "ይሄ ፕራሳድ ነው?" ብለሽ በደህና ጠይቂያት፣ አትቀየምሽም። ከዚያ ያለውን ለንስሐ አባትሽ ተዪው፣ እኔ በዚህ ላይ ዳኛ አይደለሁም። ጾም ላይ ከሆንሽ ደግሞ ንጥር ቅቤ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ይጨምሩበታል።

ራስሽ መሥራት ከፈለግሽ አይከብድም። ሰሊጡን አመስ አድርጊው። ጃገሪውን በጥቂት ውኃ አቅልጪ። ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ መርጋት ሲጀምር ሰሊጡንና የተፈጨ ለውዝ ጨምረሽ፣ ሄል ነስንሰሽ፣ እጅሽን ዘይት ቀብተሽ ሳይበርድ አድበልብዪው። ከበረደ አለቀልሽ፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ አስተማሪዬ ሕንዳዊ ነበሩ፣ እኚያ ሰው ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እሳቸው በዓሉ ፀሐይ ወደ ሰሜን ጉዞዋን የምትጀምርበት ነው ይሉን ነበር። ዳሩ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትመለሰው በዲሴምበር 21 ወይም 22 መሆኑን እናውቃለን። ታዲያ ጃንዩወሪ 14 ከየት መጣ? ደግሞስ ሌሎቹ የሂንዱ በዓላት ቀናቸው ሲቀያየር ይህኛው ለምን አይንቀሳቀስም?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ዲዋሊ ጨረቃ የምትጠፋበትን ሌሊት፣ ሆሊ የሚሉት የቀለም በዓል ደግሞ ሙሉ ጨረቃን ይከተላሉ። ስለዚህ እንደ ፋሲካችን ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሳንክራንቲ ግን የፀሐይ ብቻ ነው፣ ጨረቃ አያገባውም። ፀሐይ ወደ ማካራ፣ የኛ ደብተራዎች ጀዲ ወደሚሉት ኮከብ ስትገባ በዓሉ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ገና ቦታው ላይ ረግቶ ይቀመጣል። አንዳንድ ዓመት 15 ላይ የሚውለው የከዋክብቱ ዓመት ከ365 ቀን በስድስት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ስለሚበልጥ ነው። የመግቢያዋ ሰዓት በየዓመቱ ስድስት ሰዓት ያህል እየገፋ ይሄድና የፈረንጅ ሠግር ዓመት ሲመጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከመሸ በኋላ ከገባች ደግሞ በብዙ ቦታ በዓሉ ወደ ማግስቱ ያድራል።

አሁን ወደ ዋናው። አስተማሪዎ አልተሳሳቱም፣ ካህናቱም አልተሳሳቱም። ወቅቶችን የሚሠራው ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ሕንዶቹ በዓሉን የቆጠሩበት የከዋክብት ዓመት ግን ከዚህ በ20 ደቂቃ ይረዝማል። ልዩነቱ የመጣው ምድር ስትሽከረከር ዘንጓ ፍጥነቱ እንደቀነሰ እንዝርት ቀስ ብሎ ስለሚዋልል ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። 20 ደቂቃ ምንም አይመስልም። በ72 ዓመት ግን አንድ ቀን ይሆናል።

የዛሬ 1700 ዓመት ገደማ ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ። ፀሐይ ወደ ማካራ የምትገባበትና ወደ ሰሜን የምትዞርበት ቀን አንድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ 24 ቀን ተራራቁ። ከዲሴምበር 21 ላይ 24 ቀን ቆጥረው ይዩት፣ ጃንዩወሪ 14 ይመጣልዎታል። በዓሉ ቀስ እያለ እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ታዋቂው መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተወለደው በሳንክራንቲ ዕለት ነው፣ ያኔ ቀኑ ጃንዩወሪ 12፣ 1863 ነበር። ዛሬ 14 ወይም 15 ሆኗል። ከ2000 ዓመት በኋላ ፌብሩወሪ ውስጥ ይገባል።

ሕንዶቹ ይህን አያውቁም እንዳይሉ። በ1952 እ.ኤ.አ. መንግሥት በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ የዘመን አቆጣጠር ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው በዓላቱ ከወቅታቸው መራቃቸውን በግልጽ አስቀመጠ። በማርች 22፣ 1957 ወቅቶችን የሚከተል ብሔራዊ አቆጣጠር ሥራ ላይ ዋለ። እሱ ግን በመንግሥት ጋዜጣና በሬዲዮ ቀረ እንጂ ሕዝቡ በዓሉን ከከዋክብቱ አላነቀለም። እኛስ ብንሆን? የኛ ዓመት ከወቅቱ ዓመት በ11 ደቂቃ ይረዝማል። ጥምቀት በ1800ዎቹ እ.ኤ.አ. በአብዛኛው በጃንዩወሪ 18 ይውል ነበር፣ ዛሬ በ19 ነው፣ ከ2100 በኋላ 20 ይሆናል። ጥር 11ን ከፍ ዝቅ እናድርገው የሚል ግን አላየሁም።

የሰሜን ጉዞው ይህን ያህል ለምን እንደከበደ ለማወቅ ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የሕንዶች የጀግንነት ግጥም አንድ ታሪክ ይበቃል። ቢሽማ የተባለው ሽማግሌ ተዋጊ የሚሞትበትን ሰዓት ራሱ እንዲመርጥ ተሰጥቶት ነበር። በጦርነቱ ሰውነቱ በቀስት ተወጋግቶ ወደቀ፣ ጀርባው መሬት ሳይነካ በቀስቶቹ ላይ ተንጋለለ። ፀሐይ ወደ ሰሜን እስክትዞር አልሞትም ብሎ 58 ሌሊት እዚያው ጠበቀ። ያ የዓመቱ ግማሽ የአማልክት ቀን ነው፣ በዚያ የሞተ ወደ ብርሃን ይሄዳል ብለው ያምናሉ። እንግዲህ ቀኑ የሰሊጥና የጃገሪ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ የሂንዱ በዓል ሁሉ ሳይንስ ነው ይላል። ካይት (በክር የሚበረውን ወረቀት) የሚያበሩት ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ነው፣ ሰሊጥ መርዝ ከሰውነት ያስወጣል፣ በዚያ ቀን የፀሐይ ጨረር ልዩ ነው ምናምን። ላይኩ ብቻ ጉድ ነው። እውነት ነው?
— ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንዱም አይዋጥልኝም።

ጨረሩን በአንድ ቃል እንለፈው። በጃንዩወሪ 14 የምትወጣው ፀሐይ ከ13ቷም ከ15ቷም አትለይም። አሁን ከላይ እንዳየነው ቀኑ ራሱ በየ72 ዓመቱ እየተንሸራተተ ስለሆነ ልዩው ጨረር አብሮት ይንሸራተታል እንዴ? የሰሊጥም መርዝ ማስወጣት ወሬ ነው። ሰሊጥ ስብ፣ ፕሮቲንና ካልሲየም ያለው ጥሩ ምግብ ነው፣ በቃ። ከሰውነት የሚወጣውን የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው።

ካይቱ ግን ያጫውታል። ሰው ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካይት ደግሞ መነሻው ቻይና ነው፣ ወደ ሕንድ ከውጭ የገባ ጨዋታ ነው። ከበዓሉ ጋር የተጋባበት ምክንያት ቀላል ነው። በጉጃራት በዚያ ሰሞን ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋስ አለ፣ የእርሻ ሥራም ቀለል ብሏል። ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል። በአህመዳባድ ከተማ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ነው የሚዋለው፣ ምግቡም እዚያው ይወጣል፣ የጎረቤትን ካይት የቆረጠ ጮኾ ሰፈሩን ያናውጣል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዓለም አቀፍ የካይት ፌስቲቫል ይካሄዳል።

የሌላውን ክር ለመቁረጥ ሲሉ ታዲያ ክሩን የተፈጨ ጠርሙስ ይለቀልቁታል። ማንጃ ይባላል። ወፎች በክንፋቸው ይገቡበታል፣ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች አንገታቸውን ተቆርጠው የሞቱበት አለ። በተለይ የናይለኑ ክር አይበጠስም። በ2017 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት የናይለን ማንጃን በመላ ሕንድ ከለከለ፣ አሁንም ግን ተደብቆ ይሸጣል። ሰውዬው ስለ ሳይንስ ከሆነ የሚያወራው እስቲ ይህንንም ያውራ።

እንዲያውም የበለጠ የምገረምበት አንድ ነገር ልጨምርልህ። በኬረላ፣ ሳባሪማላ የሚባል ተራራ ላይ ያለ ቤተ መቅደስ አለ። በዚህ በዓል ማታ ከማዶ ካለው ጫካ ብርሃን ብልጭ ይላል፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያንን ለማየት ይወጣል፣ ብዙዎችም ከሰማይ የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጃንዩወሪ 14፣ 2011 ሰዎች ሲመለሱ ተረጋግጠው ከ100 በላይ ሞቱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ብርሃኑን ሰዎች እንደሚያበሩት የቤተ መቅደሱ አስተዳደር ራሱ ተናገረ። ታዲያ ተሳላሚው ቀረ? አልቀረም፣ ዛሬም ይወጣል። ሰው የሚሄድበት ምክንያት ሌላ ነው። እና አንድ ልማድ ዋጋ እንዲኖረው የግድ ሳይንስ መለጠፍ ያለበት አይመስለኝም። በብርድ ሌሊት ወንዝ ወርዶ በበረዶ ውኃ የሚጠመቀውን ሰው "ለጤና ነው" ብትለው ይስቅብሃል።

ጥቅም ያለበትን ጥቅም አለበት ብንል ግን ጥሩ ነው። በዚያ ቀን የሚመጸወተው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ብርድ ልብስ፣ ሰሊጥ፣ ሩዝና ምስር። በኡታር ፕራዴሽ በዓሉ ስሙ ራሱ ኪችሪ ነው፣ ሩዝና ጥራጥሬ አብሮ የሚቀቀልበት ምግብ። በጎራክፑር ከተማ ሰው ጥሬውን ሩዝና ጥራጥሬ ተሸክሞ መጥቶ ለቤተ መቅደሱ ይሰጣል። በዓመቱ ብርዳማ ወር ብርድ ልብስና እህል ለደሃ መስጠት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ለንደን፣ ኢስት ሃም ነው የምንኖረው። ታሚል ጎረቤቶቻችን በዚያ ብርድ ውጭ እሳት አንድደው ወተት ያፈላሉ፣ ወተቱ ገንፍሎ ሲፈስ ደግሞ አጨብጭበው ይጮኻሉ። እኔ ወተት ሲገነፍል እጄን እያቃጠልኩ ነው የማወርደው! ልጄ "እማዬ ለምን እኛ አንጮኽም?" አለችኝ። በዋዜማው ደግሞ አሮጌ ዕቃ ያቃጥላሉ ትለኛለች።
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ለልጅሽ እንዲህ በያት፣ የነሱ ወተት የሚገነፍለው አዲስ ሩዝ ስለገባ ነው።

የታሚሎቹ ግዛት ታሚል ናዱ ከሌላው ሕንድ የምትለይበት አንድ ነገር አለ። ሌላው አገር ዝናብ የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን እነሱ ዋናውን ዝናብ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያገኛሉ። ስለዚህ ሳምባ የሚሉት ትልቁ የሩዝ ምርት የሚታጨደው በጃንዩወሪ አካባቢ ነው። በዓሉም የታይ ወር መባቻ ላይ ይውላል። "ታይ ሲወለድ መንገድ ይወለዳል" የሚል ተረት አላቸው። ምርቱ ከገባ ዕዳ ይከፈላል፣ ልጅ ይዳራል፣ ከዚያ በፊት ባለው ማርጋዚ ወር ደግሞ ሠርግ አይደረግም። መንገዱ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ድስቱን አይተሽው እንደሆነ አንገቱ ላይ ትኩስ የእርድና የዝንጅብል ተክል ከነቅጠሉ ታስሯል። አጠገቡ ሸንኮራ አገዳ ቆሟል። ውስጡ ወተት፣ አዲስ ሩዝ፣ ማሾና ጃገሪ። ሁሉም የዚያው ሰሞን ምርት ነው፣ ማሳው ተሰብስቦ ድስት ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ደጅ የሚበስለው ለፀሐይ ስለሚቀርብ ነው። ሲገነፍል "ፖንጋሎ ፖንጋል!" ይላሉ፣ ቤቱ ሞልቶ ይፍሰስ እንደማለት። በሩዝ ዱቄት ደጃፍ ላይ የሚሠራው ሥዕል ኮላም ነው፣ ጉንዳንና ወፍም ይበላለታል።

ማቃጠሉ ቦጊ ይባላል፣ የአራቱ ቀን በዓል የመጀመሪያው ቀን ነው። ቤት ይጸዳል፣ ያረጀ ምንጣፍ፣ የተበጣጠሰ ቅርጫት፣ የድሮ መጥረጊያ ጎሕ ሳይቀድ እሳት ውስጥ ይገባል። ኅዳር ሲታጠንን አስቢ። የኛም ያው ነው፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ የጀመረ ቆሻሻ ማቃጠል በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀጠለ። የገጠማቸውም ችግር አንድ ነው። ድሮ የሚቃጠለው ገለባና እንጨት ነበር፣ አሁን ፕላስቲክና ጎማ ሆኗል። በ2018 እ.ኤ.አ. በቦጊ ጠዋት ቼናይ ላይ ጭሱ ከጭጋግ ጋር ተደባልቆ በረራዎች ተስተጓጉለዋል። በአዲስ አበባ የኅዳር 12 ማታ የታፈነ ሰው ይገባዋል። ልማዱ ሲጀመር መፍትሔ የነበረው ነገር ቆሻሻው ሲቀየር ራሱ ችግር ሆነ።

አንድ ማረሚያ ላስገባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "የመኸር በዓል ነው" ብሎ ያልፈዋል። ለታሚሎች አዎ። ለፑንጃቦች ግን አይደለም። የነሱ ስንዴ በጃንዩወሪ ገና አረንጓዴ ነው፣ የሚታጨደው በኤፕሪል ነው፣ የአጨዳ በዓላቸውም ባይሳኪ ያኔ ነው። ሎህሪ የብርድ ሌሊት እሳት ነው። ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ወደ እሳቱ ይወረውራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በዘፈኑ የሚያነሡት ደግሞ ዱላ ባቲ የተባለ በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ዘመን የነበረ ሙስሊም ሽፍታ ነው። ከሀብታም እየነጠቀ ድሃ ሴቶችን ይድር ነበር ይላሉ። በሂንዱና በሲክ በዓል የሙስሊም ሽፍታ ይወደሳል፣ ይሄንን ማን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ በፖንጋል ሰሞን ወጣቶች በሬ ላይ የሚንጠለጠሉበትን ቪዲዮ አይቼ አልወደድኩትም። ይሄ በዓል ነው ወይስ እንስሳ ማሰቃየት?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ በሦስተኛው ቀን፣ ማቱ ፖንጋል ላይ፣ ከብት ይከበራል። ይታጠባል፣ ቀንዱ ቀለም ይቀባል፣ የአበባ ጉንጉን ያደርጋል፣ ፖንጋል ከሚሉት ከዚያው የሩዝ ምግብ ይቀርብለታል። ዓመቱን ሙሉ ላረሰ በሬ ትንሽ ነው። አንተ ያየኸው ጃሊካቱ ነው። ደጋፊዎቹ ጠንካራው ኮርማ የሚለየው በዚህ ነው፣ ያገሬው የከብት ዝርያ እንዳይጠፋ ያደርጋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ኮርማው ይፈራል፣ ይጎዳል፣ ሰውም ይሞታል ይላሉ፣ ሰው መሞቱም እውነት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከለከለው። በጃንዩወሪ 2017 በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ቀናት ተቀምጦ ተቃወመ፣ የታሚል ናዱ ግዛትም የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፣ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው። እኔን ብትጠይቀኝ ቀንዱን የሚቀቡትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው፣ ቢሮዬ ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕንዶች አሉ። እንኳን አደረሳችሁ ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን ለማን ምን እንደምል ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ጥሩ አሰብክ። ለታሚሉ "ሃፒ ፖንጋል" በለው። ከማሃራሽትራ፣ ከካርናታካ ወይም ከአንድራ ለመጣው "ሃፒ ሳንክራንቲ"፣ ለጉጃራቱ "ሃፒ ኡትራያን" ይሆናል። ፑንጃቡን በዋዜማው፣ በ13ኛው ቀን "ሃፒ ሎህሪ" በለው፣ በማግስቱ ከሆነ አመለጠህ። ከአሳም የመጣ ካለ "ቢሁ" ብትለው በደስታ ይደነግጣል፣ ማንም አስታውሶለት አያውቅምና። አለቃህ ሕንዳዊ ሙስሊም ወይም ክርስቲያን ሊሆን እንደሚችልም አትርሳ፣ ስም አይተህ ብቻ አትፍረድ፣ መጀመሪያ "ታከብራላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። ከተምታታብህም ችግር የለም፣ ፑንጃቡን ሃፒ ፖንጋል ብትለው ይስቃል፣ ያርምሃል፣ ከዚያ ጣፋጩን ያወጣል።